ምጣዱ ስንት ዋት ይበላል?

የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚሸጥ ሰው አንድ ቁጥር ይዞ ነው ገዢ የሚያግባባው። «ሦስት ሺህ አምስት መቶ ዋት ነው፤ ቶሎ ይግላል» ይላል፤ ገዢውም ዋቱን እንደ ስፋቱና እንደ ክብደቱ የምጣዱ የራሱ ጠባይ አድርጎ ይዞት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጠዋት ሲጋገርበት ዓይኑ ጥቅጥቅ ያለ እንጀራ ይወጣል። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ግን ያው ምጣድ፣ ያው ሊጥ፣ ያችው ጋጋሪ ሆነው እንጀራው ዓይን አላወጣ ይላል፤ አክንባሎው ሲነሳ መሐሉ ያልበሰለ፣ ጠርዙም አልላቀቅ ያለ ይሆናል። መጀመሪያ የሚወቀሰው ሊጡ ነው፣ ቀጥሎ ምጣዱ። ሁለቱም ግን ምንም ላያጠፉ ይችላሉ፤ ዋት የምጣዱ ብቻ አይደለምና። ምጣዱ ከፋብሪካ ወይም ከሠሪው እጅ ይዞት የሚወጣው ነገር ሬዚስታንስ ነው። ዋቱ የሚገኘው ያ ሬዚስታንስ ከቤቱ ቮልቴጅ ጋር ሲገናኝ ነው፤ ቮልቴጁ ሲለወጥ ዋቱም ይለወጣል፣ ያውም ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ።

ይህን ለማየት የሚያስፈልጉት ሁለት ልኬቶች ናቸው፤ ቮልቴጅና ከረንት። ሁለቱ ከታወቁ ሬዚስታንሱ በማካፈል፣ ዋቱ በማባዛት ይገኛል።

ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ሮቶ እናስብ። ሮቶው ከፍ ባለ ቁጥር ውሃው ቧንቧውን የሚገፋበት ኃይል ይበረታል፤ ቮልቴጅ ይህ ግፊት ነው፣ የሚለካውም በቮልት ነው። በየሴኮንዱ በቧንቧው የሚያልፈው የውሃ መጠን ከረንት ነው፤ በአምፔር ይለካል። ቧንቧው ሲጠብና ሲረዝም ፍሰቱን ያስቸግራል፤ ያ እንቢታ ሬዚስታንስ ነው፣ መለኪያው ኦም። ግፊቱ ሲጨምር ፍሰቱ ይጨምራል፣ እንቢታው ሲጨምር ፍሰቱ ይቀንሳል፤ ነገሩ ይኸው ነው። ዋት ደግሞ ግፊቱና ፍሰቱ አንድ ላይ ሆነው በየሴኮንዱ የሚሠሩት ሥራ ነው። ምጣድ ላይ ያ ሥራ በሙሉ ሙቀት ይሆናል። አንድ ነገር ግን ልብ ይባል፤ ምጣዱ ከረንቱን አይውጠውም። በአንደኛው ሽቦ የገባው ከረንት በሌላኛው ተመልሶ ይወጣል፤ ምጣዱ ዘንድ የሚቀረው ጉልበቱ ነው።

አሁን አንድ ምጣድ እንለካ። ሥራውን የሚያውቅ ኤሌክትሪሺያን ቴስተሩን ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ ሶኬቱን ባዶውን ይለካና 226 ቮልት ያነባል። ከዚያ ለቤቱ እመቤት፣

«እትዬ፣ አሁን ምጣዱን ይሰኩልኝ። እስክጨርስ እንዳይነቅሉት» ይላቸዋል።

«ለካኸው አይደለም እንዴ ልጄ?»

«ባዶውን ነው የለካሁት። ባዶ መስመር ሁልጊዜ ደህና ይመስላል፤ ጤናው የሚታወቀው ሲጫንበት ነው።»

ምጣዱ ተሰክቶ ሲበራ ቴስተሩ 226 የነበረውን 220 ያደርገዋል። ከዚያ አፉ እንደ መቆንጠጫ የሚከፈተውን መለኪያ ወስዶ ወደ ብሬከሩ ይሄድና ከሁለቱ ሽቦዎች አንዱን ብቻ አቅፎ ይዘጋዋል። ሁለቱን አንድ ላይ ቢያቅፋቸው መለኪያው ዜሮ ይላል፤ የሚሄደውና የሚመለሰው ከረንት እኩል ሆነው የአንዱን ማግኔታዊ ጉልበት ሌላው ያጠፋዋልና። አንዱን ብቻ ሲይዝ 16 አምፔር ይነበባል።

ከዚህ በኋላ የቀረው ሒሳብ ወረቀት ጥግ ላይ የሚያልቅ ነው። 220 ቮልትን ለ16 አምፔር ስናካፍል 13.75 ኦም እናገኛለን፤ የምጣዱ ሬዚስታንስ ይህ ነው። 220ን በ16 ስናባዛ 3520 ዋት ይሆናል፤ ምጣዱ በዚያች ቅጽበት የሚበላው ኃይል ይህ ነው። ሻጩ ያለው ቁጥር እውነት ነበር ማለት ነው፤ በ220 ቮልት እስከሆነ ድረስ።

ባዶውን መለካቱም በከንቱ አልቀረም። ምጣዱ ሲሰካ 6 ቮልት የት ገባ? ከፖሉ ጀምሮ እስከ ሶኬቱ ድረስ ባለው ሽቦ፣ በቆጣሪውና በየመገጣጠሚያው ቀርቷል። 6 ቮልትን ለ16 አምፔር እናካፍል፤ 0.375 ኦም። የመስመሩ የራሱ ሬዚስታንስ ነው። 6ን በ16 ስናባዛ ደግሞ 96 ዋት ይሆናል፤ ይህ ሙቀት እንጀራው ጋ ሳይደርስ በመንገድ የቀረ ነው። ከዚህም አብዛኛው ከቆጣሪው ወዲህ ከሆነ ሒሳቡን የሚከፍለው ባለቤቱ ነው። ሁለት ልኬቶች የምጣዱን ብቻ ሳይሆን የቤቱንም መስመር ገለጡት ማለት ነው፤ ስለዚህ ነው ባዶውን ብቻ ለክቶ የሚሄድ ባለሙያ ግማሽ ሥራ ሠርቶ ሄደ የምለው።

ይህ የማካፈል ሕግ የተገኘው በአንድ የትምህርት ቤት መምህር ድካም ነው። ጌኦርግ ዚሞን ኦም እ.ኤ.አ. በ1789 በጀርመን ኤርላንገን ከተማ የተወለደ ሲሆን፣ በኮሎኝ ከተማ ሒሳብና ፊዚክስ እያስተማረ ሙከራውን አካሄደ። በዘመኑ የነበሩት ባትሪዎች ሲሠሩ የሚደክሙ፣ ግፊታቸው የሚዋዥቅ ስለነበሩ ልኬቱን አበላሹበት። መፍትሔ ያገኘው ሁለት የተለያዩ ብረቶችን፣ ቢስመዝንና መዳብን፣ ገጥሞ አንደኛውን መገናኛ በሚፈላ ውሃ፣ ሌላኛውን በበረዶ ውስጥ በመክተት ነው። የሚፈላ ውሃና የሚቀልጥ በረዶ ሙቀታቸው ስለማይዋዥቅ የሚሰጡትም ቮልቴጅ ሳይለዋወጥ ጸና። ከዚያ ርዝመታቸው የተለያየ ሽቦዎችን እያፈራረቀ ለካ፤ ሽቦው በረዘመ መጠን ከረንቱ በሥርዓት ይቀንሳል። ውጤቱን በ1827 በመጽሐፍ አሳተመ። በአገሩ ቶሎ አልተቀበሉትም፤ የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊ ሜዳሊያን የሸለመው በ1841 ነው። እኔ ከሕጉ እኩል የሚያስደንቀኝ ያ ትዕግሥት ነው፤ የሚጸና ግፊት ሳያገኝ ስለ ፍሰት አልፈርድም ማለቱ። የማታውን እንጀራ ችግር የሚፈታልንም ይኸው ጥንቃቄ ነው።

ማታ አንድ ሰዓት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ምድጃ ይለኩሳል፣ ውሃ ያሞቃል፣ ካውያ ይሰካል። ሁሉም ቤት በአንድ ትራንስፎርመርና በአንድ መስመር ላይ ስላለ፣ ከላይ በቤቱ መስመር 6 ቮልት እንደጠፋ ሁሉ፣ አሁን በረጅሙ የሰፈር መስመር ላይ ብዙ ቮልት ይጠፋል። ሶኬቱ ላይ 180 ቮልት ደረሰ እንበል። የምጣዱ ሬዚስታንስ አልተለወጠም፤ ያው 13.75 ኦም ነው። 180ን ለ13.75 ብናካፍል ከረንቱ 13.09 አምፔር ይሆናል። አሁን 180ን በ13.09 እናባዛ፤ 2356 ዋት። ቮልቴጁ የቀነሰው ከመቶ 18 ነው፤ ኃይሉ ግን የቀነሰው ከመቶ 33። አንድ ሦስተኛ!

ለምን እንዲህ ሆነ? ቮልቴጅ ሲወርድ ብቻውን አይወርድም፣ ከረንቱንም ይዞት ይወርዳል። ዋት የሁለቱ ብዜት ስለሆነ ጉዳቱ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። በሒሳብ ቋንቋ፣ ዋት ማለት ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ ለሬዚስታንሱ ሲካፈል ነው። ቮልቴጁ ግማሽ ቢሆን ኃይሉ ሩብ ይሆናል።

እንጀራው ላይ የሚደርሰው ደግሞ ከዚህም ይከፋል። የጋለ ምጣድ እንጀራ ይኑርበት አይኑርበት ሙቀት ወደ አየር ያጣል። የሚያመልጠው 1000 ዋት ያህል ነው ብንል፣ ጠዋት ለሊጡ የሚተርፈው 2520 ዋት ነበር፤ ማታ 1356 ብቻ ይቀራል። ግማሽ ገደማ ነው። ሊጡ ምጣዱን ሲነካ ሙቀቱን በአንድ ጊዜ ይነጥቀዋል፤ ምጣዱ ደግሞ ቶሎ አይተካውም። ዓይን የሚወጣው እንፋሎቱ በፍጥነት ወደ ላይ ሲፈነዳ ስለሆነ፣ ቀስ ያለ ሙቀት ሊጡን ያደርቀዋል እንጂ ዓይን አያወጣለትም። ሴቶች በየእንጀራው መሐል ረዘም አድርገው የሚጠብቁት ለዚህ ነው፤ እጃቸው ሒሳቡን ያውቀዋል። መጠበቁ ግን ነፃ አይደለም። በጠበቁ ቁጥር ያ ወደ አየር የሚያመልጠው ሙቀት መፍሰሱን አያቆምም፤ ስለዚህ በደካማ ቮልቴጅ የሚጋገር እንጀራ በመጨረሻ ብዙ ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። «መብራቱ ሲደክም ቆጣሪው አይቆጥርም» የሚለው ወሬ ለምጣድ አይሠራም።

አሁን የምጣዱን ሆድ እንክፈት። ከሸክላው ሥር ክብ በክብ የተቦረቦረ መስመር አለ፤ በውስጡ በስፕሪንግ መልክ የተጠቀለለ ሽቦ ተዘርግቶ በጀሶ ይደፈናል። ለእንዲህ ያለ ሥራ የታወቀው ሽቦ ኒክሮም ነው፤ አሜሪካዊው አልበርት ማርሽ በ1906 ፓተንት ያወጣበት የኒኬልና የክሮሚየም ቅልቅል። ኒክሮም ከመዳብ ይልቅ ከ60 እጥፍ በላይ ፍሰትን ያስቸግራል፤ ሲግልም ላዩ ላይ ቀጭን የክሮሚየም ኦክሳይድ ሽፋን ስለሚያበጅ እንደ ተራ ብረት ዝጎ አይረግፍም። ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር የሆነ ኒክሮም በአንድ ሜትር 1.4 ኦም ገደማ ይሰጣል። ስለዚህ የእኛን 13.75 ኦም ለማግኘት ወደ 10 ሜትር የሚጠጋ ሽቦ ያስፈልጋል። ስፕሪንጉ ሲታይ አጭር ይመስላል፤ ሲዘረጋ ግን ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው ይደርሳል።

ሽቦው ተቃጥሎ ሲበጠስ ጠጋኙ ብዙ ጊዜ የተቃጠለውን ጫፍ ቆርጦ ይጥልና የቀሩትን ሁለት ጫፎች ያጠማዝዛቸዋል። ምጣዱ ይሠራል፤ እንዲያውም «ከበፊቱ ይልቅ ይግላል» ተብሎ ይመሰገናል። ምስጋናው ግን አስጊ ነው። ከ10 ሜትሩ አንድ ሜትር ቢቆረጥ ሬዚስታንሱም በአንድ አስረኛ ቀንሶ 12.4 ኦም ይሆናል። ያኔ 220 ቮልት የሚገፋው ከረንት 17.8 አምፔር፣ ኃይሉም 3911 ዋት ይሆናል። ክቡ የአውሮፓ ዓይነት ሶኬት የተሠራው ለ16 አምፔር ነው። ምጣዱ ቶሎ የሚግለው ሶኬቱን እየጎዳ ነው። የተጠማዘዘችው ቦታ ደግሞ የራሷ ጣጣ አላት፤ ሁለቱ ጫፎች በደንብ ካልተነካኩ በመሐላቸው ተጨማሪ ሬዚስታንስ ይፈጠራል፤ እዚያች ነጥብ ላይ ከሌላው ሽቦ የበለጠ ሙቀት ይከማቻል፤ በሚቀጥለው ጊዜም የሚበጠሰው እዚያው ነው። ከቻላችሁ ሽቦውን ሙሉውን አስለውጡ።

ይህ በትንሽ ቦታ ላይ የሚከማች ሙቀት ሶኬትም ላይ አለ፤ የብዙ ቤት ሶኬት የሚጠቁረውና ፕላስቲኩ የሚቀልጠው በእሱ ነው። እዚህ ላይ እንግሊዛዊው ጀምስ ጁል ይረዳናል፤ ማንችስተር አጠገብ ያደገ የቢራ ጠማቂ ልጅ ነው። ሽቦን ውሃ ውስጥ እየከተተ የውሃውን ሙቀት በመለካት፣ የሚወጣው ሙቀት ከረንቱ በራሱ ተባዝቶ እንደገና በሬዚስታንሱ ሲባዛ የሚገኘውን ያህል እንደሆነ በ1841 አሳተመ። ምጣዱ 16 አምፔር ይስባል፤ 16 በ16 ሲባዛ 256 ነው። የሶኬቱ ውስጥ ብረት ላልቶ ወይም ዝጎ 0.1 ኦም ብቻ ቢያስቸግር 25.6 ዋት ሙቀት በጣት ጫፍ በምታክል ቦታ ላይ ይወጣል። የሬዲዮ ጠጋኞች ሊድ የሚያቀልጡበት መሣሪያ ከ25 እስከ 40 ዋት ነው። 0.1 ኦም በተራ ቴስተር ለማንበብ እንኳ የሚያስቸግር ቁጥር ነው፤ እጅ ግን ያውቀዋል። ምጣዱ ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ ብሬከሩን አጥፍታችሁ ሶኬቱን ንቀሉና የፕላስቲኩን ፊት ዳስሱት። ለብ ካለ ደህና ነው፤ እጅ የማያስቆይ ከሆነ ዛሬውኑ ይለወጥ።

ኤክስቴንሽንም ያው ነው። ጓሮ ለመጋገር 20 ሜትር ገመድ ሲዘረጋ ከረንቱ የሚሄደው ደርሶ መልስ 40 ሜትር ነው። የውስጡ መዳብ ስፋት 0.75 ስኩዌር ሚሊሜትር ከሆነ፣ ቀጭኑ የቴሌቪዥን ገመድ ማለት ነው፣ 0.92 ኦም ይሆናል። ከምጣዱ 13.75 ጋር ሲደመር 14.67፤ ከረንቱ 15 አምፔር። 15 በ15 ተባዝቶ በ0.92 ሲባዛ 207 ዋት፤ ይህ ሁሉ ገመዱ ውስጥ የቀረ ሙቀት ነው። ገመዱ ተዘርግቶ አየር እያገኘ ከሆነ ይችለዋል፤ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ግን ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ላስቲኩን ያቀልጠዋል። ምጣድን በዲቫይደር ከፍሪጅና ከምድጃ ጋር አንድ ላይ መሰካት ከዚህም የባሰ ነው።

ከሁሉ በላይ የማሳስበው ግን ስለ ሰው ገላ ነው። ሕጉ ለሽቦ ብቻ አይደለም። ደረቅ ቆዳ ብዙ ሺህ ኦም ሬዚስታንስ አለው፤ በሊጥና በውሃ የራሰ እጅ፣ እርጥብ ወለል ላይ በባዶ እግር ከቆመ ሰው ጋር፣ ወደ 1000 ኦም ሊወርድ ይችላል። 220ን ለ1000 ብናካፍል 0.22 አምፔር ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ከ0.03 አምፔር በላይ የሆነ ከረንት በደረት በኩል ጥቂት ከቆየ የልብን ምት አዛብቶ ሊገድል ይችላል። ባለ 16 አምፔሩ ብሬከር ደግሞ 0.22 አምፔርን ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ ብሬከር የተሠራው ሽቦን ከእሳት ለማዳን ነውና ሰው ተይዞ ዝም ይላል። የምጣዱ ቆርቆሮ አካል ከመሬት ሽቦ ጋር መያያዝ ያለበት ለዚህ ነው። የውስጡ ጥቅል ሽቦ አፈትልኮ ቆርቆሮውን ቢነካ፣ የመሬት ሽቦው በጣም ዝቅተኛ ሬዚስታንስ ስላለው ከረንቱ በብዛት በእሱ በኩል ይሮጥና ብሬከሩን ያዘልለዋል። በእርግጥ የሚያድነው ወደ መሬት የሚያመልጥ 0.03 አምፔር ሲሰማው በቅጽበት የሚዘጋው የብሬከር ዓይነት ነው። ወጥ ቤት ለሚያሠራ ሰው ከቀለሙና ከሴራሚኩ በፊት ይህን እንዲገዛ እለምነዋለሁ። እናቶችና የቤት ሠራተኞች ያን ምጣድ በእርጥብ እጅ ነው የሚነኩት።

አሁን ምጣዱን ሻንጣ ውስጥ እናስገባው። ዋሽንግተን አካባቢ ላለች እህት ከአዲስ አበባ ምጣድ የላከ ሰው «አልሰራ አለ» የሚል ስልክ ይደርሰዋል። ምጣዱ አልተበላሸም። የአሜሪካ ተራ ሶኬት 120 ቮልት ነው፤ 120ን ለ13.75 ስናካፍል 8.7 አምፔር፣ ኃይሉም 1047 ዋት ብቻ ነው። ሸክላው ለብ ብሎ ይቀራል። «ትራንስፎርመር ግዢ» የሚለው ምክርም አያዋጣም፤ 3520 ዋት ከ120 ቮልት ሶኬት ለማግኘት ከ29 አምፔር በላይ መሳብ ያስፈልጋል፤ ያ ሶኬት ግን ብዙ ጊዜ የሚችለው 15 ነው። የልብስ ማድረቂያ የሚሰካበት 240 ቮልት መስመር አለ፤ በእሱ ላይ ምጣዱ 17.5 አምፔር ስቦ 4189 ዋት ይሰጣል። መስመሩ ይችለዋል፤ ጥቅሉ ሽቦ ግን ከለመደው በላይ ይግላል። እስራኤልና አብዛኛው አውሮፓ 230 ቮልት ስለሆነ እዚያ ምጣዱ 3847 ዋት ይሆናል፤ ጠንከር ይላል እንጂ ይሠራል።

አሜሪካ ያሉ ብዙ ሐበሾች የሚጋግሩት ሌፍሰ ለሚባለው የኖርዌያውያን ቂጣ ተብሎ በተሠራ ክብ መጋገሪያ ላይ ነው፤ 1400 ዋት ገደማ ነው። ስፋቱ ከእኛ ምጣድ ግማሽ ያህል በመሆኑ ያን ያህል ዋት ይበቃዋል። ሬዚስታንሱ 10.3 ኦም ነው። ያን መጋገሪያ ለወዳጅ ስጦታ ብሎ አዲስ አበባ አምጥቶ መሰካት ግን ሌላ ነገር ነው፤ 220ን ለ10.3 ስናካፍል 21.4 አምፔር፣ ኃይሉ ከ4700 ዋት በላይ። ብሬከሩ ቀድሞ ካልዘለለ ዕቃው ይቃጠላል።

ይህ ሒሳብ የማይሠራባቸው ዕቃዎች አሉ። ፍሪጅና ሞተር ያለባቸው ዕቃዎች ከረንትና ቮልቴጅን እኩል ስለማያራምዱ፣ ሁለቱን አባዝቶ የሚገኘው ቁጥር ከእውነተኛው ዋት ይበልጣል። የድሮው ባለ 100 ዋት አምፖል ደግሞ በርቶ ሳለ 484 ኦም ነው፤ ቀዝቅዞ በቴስተር ሲለካ ግን ከአስር እጁ አንዱ ያህል ብቻ ይነበባል፤ የውስጡ ሽቦ ሲግል ሬዚስታንሱ እጅግ ስለሚጨምር። ኒክሮም እንዲህ አይደለም፤ ቀዝቃዛውና የጋለው የሚለያዩት ከመቶ ጥቂት እጅ ነው። ስለዚህ ምጣድን ነቅሎ (ተሰክቶ ሳለ ፈጽሞ አይሞከርም) በቴስተር ኦሙን መለካት ይታመናል።

ቴስተር የሌለውስ? ቆጣሪው አለለት። ዲጂታል ቆጣሪ ፊቱ ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ቀይ መብራት አለችው፤ አጠገቧ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትበራ ተጽፏል፤ 1000 ወይም 1600 ወይም ሌላ። ሌላውን ዕቃ ሁሉ አጥፍታችሁ ምጣዱን ብቻ አብሩና አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። የቆጠራችሁትን በ60 አባዝታችሁ ለተጻፈው ቁጥር አካፍሉ፤ መልሱ ኪሎዋት ነው። የእኛ ምጣድ በባለ 1000 ቆጣሪ ላይ ጠዋት 59 ጊዜ ያበራል፤ 3.54 ኪሎዋት። ማታ በዚያው ምጣድ 39 ብቻ ብትቆጥሩ 2.34 ኪሎዋት፣ ማለትም 2340 ዋት ነው። የምጣዳችሁን ሬዚስታንስ አንድ ጊዜ ካወቃችሁ ከዚህ ቮልቴጁን ራሱን ማውጣት ትችላላችሁ፤ 2340ን በ13.75 አባዙ፣ 32175 ይሆናል፤ በራሱ ተባዝቶ ይህን የሚሰጠው ቁጥር 179 ነው። እንግዲህ ምጣዱን ለጠጋኝ አትስጡት። ጎረቤቶችም በየቤታቸው በዚያው ሰዓት ይቁጠሩና ያው ከሆነባቸው፣ አቤቱታው ለኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ጽሕፈት ቤት ሲጻፍ «መብራት ይደክምብናል» ብቻ አይበል፤ «ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ምጣድ ሲበራ ቤታችን የሚደርሰው 179 ቮልት ያህል ነው» ይበል፤ ሰዓቱና ቀኑም ይጻፍበት።